«ስንት ኮፒ ወጣ?»፦ የአንድ ቲክቶከር አባትና እናት

እኚህን ባልና ሚስት ያወቅኋቸው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ የማየት ሥራ አለኝ። የተጠራሁት ለልጃቸው ነገር አልነበረም፤ እማማ የደም ግፊት ኪኒናቸውን አልወስድም ብለው ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ቡና እየቆሉ፣ ዓይናቸውን ከምጣዱ ሳይነቅሉ፣ «ልጄን የሰው ዓይን እየበላው እኔ ኪኒን ውጬ ልዳን?» አሉኝ።

እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስም አልጠራም፤ ሊያስለዩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችንም ቀያይሬአለሁ። የልጁን የመድረክ ስምም አልጽፍም። እማማ «የውሻ ስም» ይሉታል፣ በዚሁ ይታለፍ።

ቤቱና ሰዎቹ

ቤታቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ። «ነበር» ያልኩበትን ኋላ እመጣበታለሁ። በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሶ የቀበሌ የሆነ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ግቢው ለስድስት አባወራ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ነበረው። እዚያኛው ቤት ሲያስነጥሱ ከዚህኛው «ይማርህ» ይባል ነበር። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በግድግዳው ቅጥነት ነው።

አባባ 78 ዓመታቸው ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ገብተው በአራሚነት ጡረታ ወጥተዋል። አራት ኪሎ ድረስ በእግራቸው እየተመላለሱ ነው የኖሩት። ማተሚያ ቤቱን በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ እንዳቋቋሙት ሲናገሩ የራሳቸውን ዘር የሚቆጥሩ ነው የሚመስሉት። ፊደል ለቃሚ ማለት ከብረት የተቀረጸውን ፊደል አንድ በአንድ ከሣጥን እያነሣ የሚሰድር ሰው ነው፤ የተሰደረውም ተገልብጦ ስለሚቆም ግልብጡን እንደ ቀና ማንበብ ይማራል። አባባ ዛሬም የመድኃኒት ወረቀት ሲሰጧቸው መጀመሪያ የሚያዩት ምን እንደሚል ሳይሆን የት ቦታ ስሕተት እንዳለበት ነው።

እማማ 70 ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዳዊታቸውና ከእድር ደረሰኝ በቀር ብዙ አያነቡም፤ ሰው ግን ያነባሉ። ጊዮርጊስ ይሳለማሉ፤ አንድ ማኅበር፣ ሁለት እድር፣ አንድ እቁብ አላቸው።

ልጁ 34 ዓመቱ ነው፤ የመጨረሻ ልጅ። የታክሲ ረዳት ነበር፣ ከዚያ ሞባይል ጠጋኝ፣ ከዚያ ቲክቶከር። የሚኖረው ከወላጆቹ ቤት ጓሮ በቆርቆሮ በተቀጠለች ክፍል ውስጥ ነበር። ታዋቂ የሆነው በስድብ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይቭ ይገባል፤ ተመልካቹ በአብዛኛው ዐረብ አገርና አሜሪካ ስለሆነ ሰዓቱ የእነሱ ነው። ከሌላ ተሳዳቢ ጋር ለአምስት ደቂቃ ባትል ይገጥማል፣ የየራሳቸው ደጋፊ ጊፍት፣ ማለትም በገንዘብ የተገዛ የስክሪን ስጦታ፣ ይወረውራል፣ የበለጠ የተወረወረለት ያሸንፋል።

እናትና አባት ይህን ለስምንት ወር አላወቁም። ጩኸቱን ግን ይሰሙ ነበር። እማማ ልጃቸው ሌሊት ሌሊት በስልክ ከአበዳሪ ጋር የሚጨቃጨቅ መስሏቸው እቁባቸው ሲወጣ 6,000 ብር ሰጡት፤ «ዕዳህን ክፈልና ተኛ» ብለው። ተቀበላቸው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ሲነግረኝ ሣቀ፣ ከዚያ ደግሞ ሣቁ መሐል ላይ ቆመበት።

ነገሩ እንዴት ወጣ

ታኅሣሥ ላይ ከአንድ የሽሮ ሜዳ ልጅ ጋር ሲገጥም ነገር ከረረና ወደ እናት ስድብ ተሻገረ። ሁለቱም ተሰዳደቡ። የቪዲዮው ቁራጭ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የዚያኛው ደጋፊዎች እማማ በማኅበር ቀን የተነሡትን ፎቶ ከየት እንዳገኙት እንጃ አገኙት፤ ከስልክ ቁጥራቸው ጋር ለጠፉት። እኩለ ሌሊት መደወል ተጀመረ። አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው «እናታችን፣ አይዞዎት» ይላል። እማማ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላዩም። የማያውቁት ሰው ስማቸውን ጠርቶ ካነጋገራቸው ለእሳቸው ያው ነው።

ግቢው ያወቀው የጎረቤት ልጅ ቪዲዮውን ቡና ላይ ስታሳይ ነው። እማማ ግን የተረዱት በዚያ አይደለም። በሳምንቱ አንድ ልቅሶ ደርሰው ድንኳን ሲገቡ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። አንደኛዋ ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችላቸው። «ቦታ የሚለቀቀው ለታመመ ነው» አሉኝ። «እኔ ምን ሆኜ ነው?»

እኔ እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። ነገሩን የእውቀት ማነስ አድርጌ ወሰድኩት። ተከታይ ምን እንደሆነ፣ ቪዲዮ እንዴት ራሱን በራሱ እንደሚያሰራጭ፣ በሳምንት ውስጥ ሰው ሁሉ እንደሚረሳው ላስረዳ ቁጭ አልኩ። ሁለቱም በትዕግሥት አዳመጡኝ። ሽማግሌ ልጅን የሚያዳምጠው እንዲህ ነው፤ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ከዚያ አባባ ጠየቁኝ፦

«ስንት ኮፒ ወጣ?»

አራት መቶ ሺህ ጊዜ ገደማ መታየቱን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «አዲስ ዘመን እንኳ በደኅናው ጊዜ ይህን ያህል አያትምም። ወረቀቱን ማን ቻለው?»

እማማ የወረቀቱ ነገር አላስጨነቃቸውም። «አራት መቶ ሺህ ሰው?» አሉ። «ታዲያ ስምንት መቶ ሺህ ዓይን ነዋ።»

ይህን አባባል በማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ቁጥሩን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ያልተረዱ መስሎኝ ነበር፤ ከእኔ በላይ የተረዱት እሳቸው ነበሩ። እኔ «እይታ» የምለው ለእሳቸው ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ ክብደት አለው፣ ያፈዝዛል፣ ያከሳል፣ ሥራ ያስጠላል። ልጁ ቀን ቀን ሲተኛ፣ ምግብ ሲያስቀር፣ ስልኩን ባየ ቁጥር ሲደነግጥ ያዩት በዚሁ ሒሳብ ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥተው ጠበል በጀሪካን ይዘው መጡ። ልጁ በሌለበት ክፍሉ ገብተው አልጋውን፣ ትራሱን፣ በመጨረሻም ሪንግ ላይቱን፣ ላይቭ ሲገባ ፊቱን የሚያበራበትን ክብ መብራት፣ ረጩት። ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ስለነበር የግቢው ቆጣሪ ጠፋ። ስድስቱም ቤት በጨለማ አመሸ። ያንን ሌሊት ላይቭ አልነበረም፤ እማማ እስከ ዛሬ ጠበሉ ሠርቷል ይላሉ፣ እኔም አልተከራከርኳቸውም።

ማረሚያው

የአባባ መፍትሔ ሌላ ነበር። ማተሚያ ቤት ውስጥ ስሕተት ታትሞ ከወጣ ሁለት መንገድ አለ፤ ገና ያልተሰራጨ ከሆነ እትሙ ይያዛል፣ ከተሰራጨ ማረሚያ ይወጣል። እትሙ ሊያዝ እንደማይችል ሲገባቸው የደብተር ወረቀት ቀደው በቀይ እስክሪብቶ ማረሚያ ጻፉ። ወረቀቱን አሳይተውኛል። የልጃቸው ተጋጣሚ ስለ እማማ የተናገረው ሐሰት መሆኑን፣ ልጃቸውም ስለዚያ ልጅ እናት የተናገረው ሐሰት መሆኑን፣ ሁለቱም በይቅርታ እንዲታረሙ የሚጠይቅ አምስት መስመር ነው። ከሥሩ ለአታሚው መመሪያ አለው፦ «በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን።»

ልጁ ሳቀ። ከዚያ ግን ወረቀቱን ወስዶ ላይቭ ላይ አነበበው። ለምን እንደሆነ ጠይቄዋለሁ። «መጀመሪያ ሲሪየስ ነበርኩ» አለኝ። «ሳነበው ኮመንቱ ሲንጫጫ ወደ ቀልድ ዞረብኝ።» «የፋዘር ማረሚያ» የሚል ነገር ተፈጠረ። ሰው እየተሳደበ መጨረሻ ላይ «በዚያው የፊደል መጠን» ማለት ጀመረ። ከስድቡ ቪዲዮ ይልቅ ይኸኛው በለጠ።

አባባ ይህን ሲሰሙ ይታመማሉ ብዬ ፈራሁ። ቪዲዮውን ማየት እንፈልጋለን ሲሉ ባላሳያቸው ደስ ባለኝ፤ ግን የሌላውን ሰው ልጅ ጠይቀው ማየታቸው አይቀርም። አሳየኋቸው። ቪዲዮውን አንድ ጊዜ አዩት፤ ኮመንቱን ግን ሃያ ደቂቃ አነበቡ። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ እየሄደ በተነካ ቁጥር ገጹ ያመልጣቸዋል፣ ይመልሱታል። በመጨረሻ ቀና ብለው «ስድቡስ ስድብ ነው» አሉ፣ «ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ የሚለይ ግን አንድ ሰው ይጠፋል?»

ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። የእሳቸው ሐዘን እዚያ ላይ ነበር። በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ ቃል ለሕዝብ እስኪወጣ ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያውቃሉ፦ ጸሐፊ፣ ሳንሱር፣ ፊደል ለቃሚ፣ አራሚ፣ እንደገና አራሚ። አሁን ስለ ሚስታቸው የተጻፈ ነገር በማንም እጅ ሳያልፍ ወጥቷል። ስለዚህ ተጠያቂ የሚሆን ሰው የለም፤ ይቅርታ የሚጠይቅም።

«ዘጉት»

የካቲት 2015 መጀመሪያ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ የሲኖዶስ ውዝግብ ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተዘጉ። የተከፈቱት ሐምሌ ላይ ነው። አባባ «ቲክቶክ ተዘጋ» የሚለውን ወሬ የሰሙት ከሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ነው። ወደ ቤት ገብተው በሩን ቆለፉ። በልጃቸው ምክንያት የተዘጋ መስሏቸዋል።

በዚህ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን የእሳቸውን ዕድሜ አስቡት። ሰው በጽሑፍ ምክንያት ሲወሰድ አይተዋል፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ስለሠሩ ከሌላው በላይ አይተዋል። አንድ ሰው ይህን ያህል ሕዝብ እያናገረ መንግሥት ዝም ሊለው አይችልም። ወይ ፈቅዶለታል፣ ወይ እየጠበቀው ነው። ሦስተኛ ነገር የለም። የልጁን የልደት ካርድና የትምህርት ማስረጃ በላስቲክ ጠቅልለው ዱቄት ማድጋ ውስጥ ቀበሩ። «ለጥቂት ቀን ሌላ ቦታ እደር» አሉት። ልጁ ለእሳቸው ሰላም ሲል ሁለት ሳምንት ሰንጋ ተራ ጓደኛው ዘንድ አደረ። እዚያም የተዘጋውን በሚያሳልፍ ቪፒኤን ላይቭ ይገባ ነበር። አባባ ይህን አያውቁም፤ እማማ ያውቃሉ።

አዋጁን ያነሣሁላቸው ያን ጊዜ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊያገኘው ይችላል። የጥላቻ ንግግር የሚባለው ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን የሚቀሰቅስ ነው። የሁለት ጎረምሶች የእናት ስድብ ወደ ተራው የስድብና የስም ማጥፋት ሕግ ይቀርባል፤ እሱም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ አለ። የጠበቃ ቦታ ገብቼ ሳይሆን ያለውን ብቻ ነው የነገርኳቸው።

የሚያረጋጋቸው አልመሰለኝም ነበር፤ ተረጋጉ። ሕጉ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቷል። «ነጋሪት እኛ ቤት ነው የሚታተመው» አሉ። ከማድጋው ውስጥ ላስቲኩን አወጡ። የልደት ካርዱ ላይ የተረፈውን ዱቄት ለማራገፍ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ሽማግሌ

ፋሲካ ሚያዝያ 8 ነበር። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት አባባ የተጋጣሚውን ቤተሰብ ፈልጉልኝ አሉ። እኔ በስልክም በመድረኩም ሞክሬ አጥቼው ነበር። የእድሩ ጸሐፊ በአራት ቀን አገኘው፤ በአንድ የአማት እህት፣ ከዚያ በአንድ የሽሮ ሜዳ ጥበብ ሻጭ። ወላጆቹ ፈታይና ዘበኛ ናቸው።

ሦስት ሽማግሌ፣ አራት ወላጅ፣ ሁለት አንገታቸውን የደፉ ጎረምሶች፣ እኔ ከበሩ አጠገብ። ከሁሉም የማስታውሰው የሽሮ ሜዳዋን እናት ነው። እሳቸውም የደም ግፊት አለባቸው። ለእሳቸውም ሌሊት ተደውሏል። እማማን እያዩ «የእርስዎን ልጅ ስረግም ሁዳዴን ጨረስኩት» አሉ። እማማም «እኔም የእርስዎን» አሉና ሁለቱ ተነሥተው ተሳሳሙ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱ ልጆች ዳግመኛ እናት እንዳያነሡ አስማሏቸው። ጉልበት ሳሙ። ዳቦ ተቆረሰ። እማማ ያን ቀን ማታ ኪኒናቸውን ወሰዱ፤ እኔ ሦስት ወር ያልቻልኩትን።

ሰኔ ላይ ግን ሁለቱ ልጆች እንደገና ገጠሙ፤ የታረቁት የድሮ ጠላቶች ግጥሚያ ተብሎ። ከዚያ በፊት ካገኙት ሁሉ የበለጠ ጊፍት አገኙ። እማማ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ ሰሙና ነጠላቸውን ደርበው ወደ ጓሮ ሄዱ። የሰሙት ሣቅ ነው። ባትሉ አልቆ ሁለቱ በስልክ ሒሳብ እየተካፈሉ ነበር።

የሆነው ሆኖ መሐላውን አላፈረሱም፤ የእናት ስም አልተነሣም። ጠቡ ግን ቀድሞም በስልክ ተቀጣጥረው የሚጀምሩት ነበር። እናት ያነሡባት አንዷ ሌሊት ብቻ ከእጃቸው ያመለጠች ናት። አባባ ይህን ሲሰሙ ሁለት ቀን አልተናገሩም። በሦስተኛው «ታዲያ እኔ ሽማግሌ የላክሁት በማን ነገር ገብቼ ነው?» አሉኝ።

ሊገባቸው ያልቻለው ይሄ ነበር። መጣላትን ያውቃሉ፣ መዋረድን ያውቃሉ፣ መታረቅን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጠላትነት ሸቀጥ ሆኖ ሲሸጥ ግን አያውቁም ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ይህንንም ተሳስቻለሁ። በሳምንቱ ስሄድ አባባ እየጠበቁኝ ነበር። በጎልማሳነታቸው ደጃች ውቤ ሰፈር ጠጅ ቤት አንድ አዝማሪ ቀለም የበላውን ጣታቸውን አይቶ በዜማ ሰድቧቸዋል፤ ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ እሳቸው ተነሥተው አንድ ብር በምራቅ ግንባሩ ላይ ለጥፈውለታል። «እኔም ከፍዬ ተሰድቤያለሁ» አሉኝ። «ልጁ አዝማሪ ሆኗል ማለት ነው። ይኸው ነው።»

ከዚያ የጊፍቱን ዋጋ ጠየቁ። ሮዝ አንድ ኮይን፣ አንበሳ 29,999 ኮይን መሆኑን፣ አንበሳው በዶላር ከሦስት መቶ በላይ እንደሚያስወጣ ነገርኳቸው። ልጃቸው የአንበሳ ወርዋሪዎቹ በብዛት ዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያሉ ሴቶች መሆናቸውን ነግሯቸዋል። አንዱ አንበሳ ከወር ደመወዛቸው ሊበልጥ ይችላል። አባባ ቁጥሩን በወረቀታቸው ዳር ጻፉት። «የእሷስ እናት ታውቃለች?» አሉ።

እማማ አዝማሪው አላጽናናቸውም። በእሳቸው ትውልድ አዝማሪ የሚሰማ እንጂ የሚወለድ አይደለም። ደግሞ ሌላ ነገር አሉ፤ እኔ ሳልናገር የቀረሁትን። «አዝማሪ የሚሰድበው ፊት ለፊት የተቀመጠውን ነው። ጠጅ ቤቱም ይዘጋል።»

ከፈረሰ በኋላ

በ2016 የካቲትና መጋቢት ላይ ፒያሳና አካባቢው በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ፈረሰ። ስድስቱ አባወራ ስድስት ቦታ ሄደ። ለእማማ ኮንዶሚኒየም ከከተማው ዳር ደረሳቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ድንኳን ውስጥ ወሬያቸውን ያቋረጡባቸው ሴቶችም ተበተኑ፤ እማማ ያፈሩባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይናፍቋቸዋል።

ሰኔ ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ሕንፃውን ያገኘሁት የልጁን የመድረክ ስም ጠርቼ ነው። የጥበቃው ልጅ ወዲያው አወቀ፤ «የእሱ ማዘር ሦስተኛ ናቸው» አለኝ፣ ጀሪካናቸውንም ሁልጊዜ እሱ እንደሚያወጣላቸው ነገረኝ። በአዲሱ ሰፈር ስለ ብርሃንና ሰላም፣ ስለ ማኅበሩ፣ ስለ አርባ ዓመት ጉርብትና የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው ልጁ ነው። እማማ ኪኒናቸውን ይወስዳሉ። እስካሁን ስንት ዓይን እንደሆነ በየሳምንቱ ልጁን ይጠይቁታል፤ እሱም ይነግራቸዋል፤ አሁን አሁን ቀንሶ ነው የሚነግራቸው።

የዚያኑ ዕለት የአዲሱ እድር ጸሐፊ መዝገብ ይዞ መጣ። በዚያው ሕንፃ የአባባ ሞክሼ ስላለ ለመለየት ከስማቸው አጠገብ የልጁን የመድረክ ስም በቅንፍ ጽፎታል። አባባ መዝገቡን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ረጅም ጊዜ አዩት። እማማ ከማድቤቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አባባ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ቅንፉ ውስጥ ያለውን አንዱን ፊደል ሰርዘው ከላዩ ሌላ ጻፉ።

«በሐመሩ ሐ ነው» አሉና መዝገቡን መለሱለት።